የገጽ ሳይንስና የስምጥ ሸለቆው ውሃ

የነገሮችን ገጽ የሚመረምረው ኬሚስትሪና ፊዚክስ በግቢያችን ሲወሳ፣ ብዙዎቻችን ወሬውን የባለጸጎች አገር ወሬ አድርገን እንሰማዋለን። አየር ተመጥጦ የወጣለት ዕቃ፣ አቶምን አንድ በአንድ የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ፣ ዋጋው የሚያስደነግጥ መሣሪያ ይታየናል። ይህም ሐሰት አይደለም፤ ጌርሃርድ ኤርትል ናይትሮጅን በብረት ገጽ ላይ ተሰንጥቆ እንዴት አሞኒያ እንደሚሆን ደረጃ በደረጃ አሳይቶ በ2007 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ ዓይነት መሣሪያ ነው። ይሁንና ከዚሁ ትምህርት አባቶች አንዱ፣ በ1932 እ.ኤ.አ. የተሸለመው ኧርቪንግ ላንግሚውር፣ ጋዝ በጋለ ሽቦ ገጽ ላይ ምን እንደሚሆን ወደ መመርመር የገባው በፋብሪካ ውስጥ፣ የአምፑል ነገር አሳስቦት ነበር። ደጁ ላይ ካገኘው ችግር ተነሣ ማለት ነው።

የእኛ አምፑል የስምጥ ሸለቆው ውሃ ነው። በዚያ አገር ብዙ ጉድጓዶች በሊትር ከ10 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ይዘዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው ልክ ግን 1.5 ነው። እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ፍሎራይዱን ይለቃል፤ ካልሲየም በብዛት ቢኖር ይዞ ያስቀረው ነበር፣ ዳሩ ግን ውሃው ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው ነው። ይህን ውሃ እየጠጡ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው ይበልዛል። በወንጂ ስኳር እርሻ የጉድጓድ ውሃ ለብዙ ዓመታት የጠጡ ሠራተኞች አጥንታቸው ደርቆ፣ ወገባቸው አልታጠፍ እስኪል ድረስ እንደ ታመሙ ሐኪሞች ጽፈዋል። ማፍላትም አይጠቅምም፤ ውሃው እየተነነ ሲያንስ ፍሎራይዱ በቀረው ውስጥ ይበረታል። (ጀበናውን ደጋግሞ ለሚጥድ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።)

እንግዲህ መድኃኒቱ ያለው በገጽ ላይ ነው። ፍሎራይድ የሚጣበቅበት ገጽ ይፈለጋል። ከታወቁት አንዱ አሉሚና ነው፤ አንድ ግራሙ ከ200 ካሬ ሜትር የሚበልጥ ገጽ ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን ስፋት ብቻውን ሥራ አይሠራም። የአሉሚና ገጽ በውሃ ውስጥ ፒኤቹ ዝቅ ሲል ፖዘቲቭ ቻርጅ ይይዛል፣ ኔጋቲቩን ፍሎራይድም ይስባል፤ በተለይ ከ5 እስከ 6 ባለው ፒኤች ሥራው ያማረ ነው። ፒኤቹ ከ8 ወይም ከ9 ሲያልፍ ግን ገጹ ራሱ ኔጋቲቭ ይሆንና ፍሎራይዱን ይገፋል። የስምጥ ሸለቆው ውሃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወደዚያው ያዘነበለ ነው፤ በላዩም ባይካርቦኔቱ ቦታውን ይሻማል።

ቅሬታችን የሚጀምረው ከዚህ ነው። በዚህ ጉዳይ የሚጻፈው ቴሲስና ጽሑፍ ጥቂት አይደለም፤ አሸዋው፣ ሸክላው፣ የቡና ገለባው፣ ቀይ አፈሩ ሁሉ ተሞክሯል። አብዛኛው ግን ሶዲየም ፍሎራይድ በተጣራ ውሃ በጥብጦ፣ ፒኤቹን እንደ ፈቀደው አስተካክሎ፣ በላንግሚውር ቀመር አንድ ከፍ ያለ ቁጥር አውጥቶ ይመረቃል። ያ ቁጥር መቂ ወርዶ ምን እንደሚሆን የሚጠይቀው የለም።

ሒሳቡን እንየው። አንድ ቤተሰብ ለመጠጥና ለወጥ በቀን 20 ሊትር ይፈልጋል እንበል። ከ10 ወደ 1.5 ለማውረድ በቀን 170 ሚሊግራም ፍሎራይድ መያዝ አለበት። ቴሲሱ «በግራም 10 ሚሊግራም ይይዛል» ካለ፣ ለዓመት 6 ኪሎ ያህል ይበቃል። በእውነተኛው ውሃ የሚይዘው 2 ብቻ ከሆነ ግን 31 ኪሎ ያስፈልጋል። ያንን ማን ያመጣል፣ ማንስ ይከፍላል? የአንድ ቤተሰብ ዕጣ በዚህ ልዩነት ውስጥ ተቀምጧል።

የአጥንት ከሰልም አለ። ገጹ ላይ ያለው አፓታይት የራሱን ሃይድሮክሳይድ ለቆ ፍሎራይዱን ይቀበላል፤ ርካሽ ነው፣ ባይካርቦኔትንም ከአሉሚና ይልቅ ይችላል። ዳሩ ግን «የምን እንስሳ አጥንት ነው? በጾም ይጠጣል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። ይህን ጥያቄ ኋላ ቀርነት ብለው የሚስቁ ወንድሞች አሉ፤ እኛ አንስቅም። ሰዎቹ ያልጠጡት የተጣራ ውሃ አልተጣራም። በ2025 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኙት፣ በብረትና በካርቦን ውሕዶች የተሠሩ ባለ ብዙ ቀዳዳ ነገሮች በግራም ብዙ ሺህ ካሬ ሜትር ገጽ አላቸው፤ ተማሪው ወደ እነርሱ ቢሳብ አንቃወምም፣ ነገር ግን በመቂው ውሃ ውስጥ ሳይፈርሱ መቆየታቸውን አስቀድሞ ያሳየን።

ስለዚህ መምህሮቻችንን የምንለምነው እንዲህ ነው። ስለ ፍሎራይድ የሚቀርብ ቴሲስ ሁሉ ቢያንስ ከአንድ እውነተኛ ጉድጓድ በተቀዳ፣ ፒኤቹ ባልተነካ ውሃ ይፈተን። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ታጥቦ ስንት ጊዜ እንደሚመለስ ይጻፍ፤ ፍሎራይድ የጠገበው ዕቃና የታጠበበት ሶዳ የት እንደሚደፋም አብሮ ይነገር፣ ከጉድጓዱ አጠገብ ከተደፋ ድካሙ ከንቱ ነውና። ለወራት የሚቆይ ሙከራ በአንድ ጀሪካን አይሆንም፤ መኪና፣ በርሜልና የነዳጅ ገንዘብ ይጠይቃል። ይህ ወጪ ከአንድ ማይክሮስኮፕ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለምና፣ ክፍሎቹ የመጪውን ዓመት ዕቅድ ከመዝጋታቸው በፊት ያስገቡት። በርሜል የሚጭን ተማሪ አይጠፋም።