ውላችንን ብሎክቼይን ላይ ከማስገባታችን በፊት

ባለፈው እሁድ ስብሰባ ላይ አንዷ እህታችን ያመጣችውን ሐሳብ ሰምታችኋል። የሥራ ውላችንን፣ የፓስፖርት ኮፒያችንንና የደሞዝ ማስረጃችንን ብሎክቼይን ላይ እናስቀምጥ፣ ከዚያ በኋላ ማዳምም ሆነች ደላላ አንድ ፊደል መቀየር አይችሉም ነው ያለችው። አጨበጨብን፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ሳምንቱን ግን ማታ ማታ ሥራ ስጨርስ በስልኬ ሳነብ፣ ኮምፒዩተር የተማረች ጓደኛዬንም ስጨቀጭቅ ሰነበትኩና አሁን የምለው አለኝ። ሐሳቡን አልጠላሁትም፤ የፈራሁት አካሄዱን ነው።

ብሎክቼይን ምን እንደሆነ ለማታውቁት በእቁብ ልንገራችሁ። የእቁቡ ደብተር ጸሐፊዋ ጋ ብቻ ከሆነ፣ ብትሰርዝ ማን ያውቃል? ዕጣ በወጣ ቁጥር ሁላችንም በየደብተራችን ከጻፍን ግን የአንዷን ስርዝ የሌሎቻችን ደብተር ያጋልጠዋል። ብሎክቼይንም ይኸው ነው። ደብተሩ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ አለ፣ ገጾቹም እርስ በርስ ተቆላልፈዋል፤ አንድ የቆየ ገጽ የነካ ሰው ከዚያ በኋላ የተጻፉት ሁሉ አልገጥም ይሉታል።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር፣ ውሉ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ደብተር ውስጥ አይገባም። ፎቶ ማስገባት ዋጋው አይቀመስም። የሚገባው የፋይሉ አሻራ ነው፤ ኮምፒዩተር ከፋይሉ አስልቶ የሚያወጣው አጭር ጽሑፍ፣ በብዛት 64 ፊደልና ቁጥር። ውሉ ላይ 200 ዶላር የሚለውን 150 ብታደርጉት አሻራው ሌላ ይሆናል፣ ማጭበርበሩም ይታወቃል። ውሉ ግን የት ነው ያለው? አፑን የሠራው ድርጅት አንድ ኮምፒዩተር ላይ ከሆነ፣ ድርጅቱ የተዘጋ ቀን እጃችን ላይ የሚቀረው አሻራው ብቻ ነው። ከአሻራ ደግሞ ውሉን መልሶ ማውጣት አይቻልም።

መላ አለው። አይፒኤፍኤስ የሚባል አሠራር አንድን ፋይል ብዙ ሰዎች በየኮምፒዩተራቸው እንዲይዙት ያደርጋል። ፋይሉ የሚፈለገው በአሻራው ስለሆነ የመጣላችሁ ያው ያስቀመጣችሁት መሆኑ ይረጋገጣል። እሱም ቢሆን ተአምር አይደለም፤ እኔ እይዘዋለሁ የሚል ሰው ከሌለ ከጊዜ በኋላ ይጠፋል። ለሚይዝ ሰው ገንዘብ የሚከፈልበትም አለ፣ ፋይልኮይን ይሉታል። ወይ ትከፍያለሽ ወይ እርስ በርስ ትያያዣለሽ ማለት ነው።

እርስ በርስ መያዙን ደግሞ እኛ ማር ሚካኤል ያለን ሰዎች አስበን እናድርገው። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ከምሽቱ 12 ሰዓት አልፎ ወደቡ ላይ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት የፈነዳ ጊዜ ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ይሄ ሰፈራችንም መስኮት አልቀረለትም። ወረቀቷም ስልኳም አንድ ቤት ውስጥ የነበረባት ሰው ሁሉንም በአንድ ምሽት ነው ያጣችው። አንድ ሕንፃ ውስጥ ያለ አሥር ኮፒ አንድ ኮፒ ነው። አንዱ እዚህ፣ አንዱ ቡርጅ ሐሙድ፣ አንዱ ትሪፖሊ፣ አንዱ አገር ቤት ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ፓስፖርቴ ላይ ያለው ዕድሜ የኔ ዕድሜ አይደለም፤ ደላላ ነው የጨመረልኝ። ብዙዎቻችሁም እንደዚያው ናችሁ፣ እንተዋወቃለን። አዲስ አበባ የፈረምኩት ውልና እዚህ ደርሼ በአረብኛ ያስፈረሙኝ ደግሞ ደሞዙ አይገናኝም። እነዚህን ሺህ ኮምፒዩተር ላይ ብናስቀምጥ ምን አተረፍን? ማንም ሊያርመው የማይችል ውሸት። ብሎክቼይን የገባው ነገር አለመቀየሩን እንጂ እውነት መሆኑን አይመሰክርም። አገራችንም በ2021 እ.ኤ.አ. ትምህርት ሚኒስቴር የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን መታወቂያና ውጤት ካርዳኖ በሚባለው ብሎክቼይን ላይ ሊያደርግ ነው ተብሎ ሲነገር እኔን ያሳሰበኝ ይሄው ነበር፤ አስተማሪው ስሟን አሳስቶ የጻፈባት ልጅ ምን ትሆናለች?

አለመሰረዙ ሌላም ጣጣ አለው። ከቤት ወጥታ ያለ ኢቃማ የምትሠራ እህት የፓስፖርቷን ፎቶ ክፍት ቦታ ላይ አስቀምጣ ነገ ብትጸጸት ከሰው ኮምፒዩተር ላይ ማን ይሰበስብላታል? ፋይሉ ይቆለፋል ይላሉ፣ እውነት ነው፤ ቁልፉን ከረሳችው ግን ለራሷም አይከፈትም። ስልክ ስንቴ እንደሚጠፋብን እናውቃለን።

ማስረጃውን የሚያይ ዳኛም ያስፈልጋል። እዚህ አገር የ1946ቱ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይጨምርም። በ2020 የሠራተኛ ሚኒስቴር የተሻለ ውል አውጥቶ ነበር፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የሹራ ምክር ቤቱ አገደው። እንዲህም ሆኖ የተጻፈ ነገር ያላት ሴት ሒሳቧን ስትጠይቅ ባዶ እጇን ከሄደችው ትሻላለች ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ እኔ የምለው ከአፑ በፊት ደብተር ይቅደም። ደሞዝ በተቀበልንበት ቀን፣ በዚያው ቀን፣ ስንት እንደተቀበልን፣ ዶላር ይሁን ሊራ፣ የስንት ወር እንደቀረ እንጻፍ። ፎቶ አንስተን በተለያየ ሰፈር ላሉ ሦስት እህቶችና አገር ቤት ላለ አንድ የምናምነው ሰው እንላክ። ውሉም ሁለቱ ይቀመጡ፣ የአዲስ አበባውም የአረብኛውም፤ ልዩነታቸው ራሱ ማስረጃ ነው። አፑ ሲመጣ የዚህን አሻራ እናስገባ፣ የፓስፖርት ፎቶ ግን ማንም እንዳታስገባ። ሐሳቡን ያመጣችው እህታችንም ፋይሉን ማን እንደሚይዘው፣ ስንት ቦታ እንደሚቀመጥና ክፍያው የማን እንደሆነ ጠይቃ ትምጣልን።

እሁድ ስትመጡ ደብተር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የሌላችሁ ያልተከፈላችሁን ወር አስታውሳችሁ ኑ። መጻፍ ለማትችል እኔ እጽፍላታለሁ፤ ቡናውን ግን እሷ ታፈላለች።