የተራራው መንገድ በጠረጴዛ ላይ አይለካም

አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ወይም አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ከቀበሌው መደብር ሲደርስ ገዢው የሚጠይቀው ዋጋውን ብቻ ነው። ዕቃው በየትኛው አቀበት ወጥቶ፣ በየትኛው ቁልቁለት ወርዶ፣ በየትኛው ጠመዝማዛ ላይ የሾፌሩንና የረዳቱን ትንፋሽ አስቁሞ እንደመጣ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በከረጢቱ ዋጋ ውስጥ የሠራተኛው ላብ፣ አንዳንድ ጊዜም ደሙ፣ አብሮ የተቆጠረ መሆኑ አያጠያይቅም። ስለዚህም የጭነት መኪና ጉዞ ዕቅድ የባለንብረቱና የሾፌሩ ጉዳይ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ መሠረታዊ ስሕተት ነው።

እንደሚታወቀው የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ዕቃ በአብዛኛው የሚተላለፈው በጅቡቲ ወደብ በኩል ነው። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ - ጅቡቲ የባቡር መስመር የሸክሙን ከፊል ቢያቃልልም፣ ከሐዲዱ ወዲያ ያለውን ደጋ የሚወጣው ጎማ ነው። ደጋው ደግሞ ማንንም በነፃ አያሳልፍም። ወደ ጎጃም የሚሻገር መኪና ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል በዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል መውጣት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ወንዙን አቀለለ እንጂ ገደሉን አላቀለለም። ወደ ወሎ የሚያልፈው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ጣርማ በርን ያቋርጣል። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው ሊማሊሞን፣ ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚወጣው ግራካሱን ይጋፈጣል። የእነዚህ መስመሮች ቀደምት ቅያስ ከጣሊያን ወረራ ዘመን የወረደ፣ የዛሬው ረጅም ተሽከርካሪ ገና ባልታሰበበት ጊዜ የተቀደደ ነው።

እዚህ ላይ በአንክሮ ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። ስለ ጭነት መኪና አደጋ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ክብደት ነው። ክብደት የመንገድ ጠላት መሆኑ እውነት ነው፤ በዋና ዋና መንገዶች ላይ ሚዛን የተተከለውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን ሚዛኑ የማይናገረው አንድ ሌላ እውነት አለ፤ እርሱም ርዝመት ነው። የኋላ ጎማ የፊተኛውን ዱካ አይከተልም፤ ወደ እጥፋቱ ውስጥ ይቆርጣል። በምሳሌ እንየው። የፊት ጎማዎቹ በ15 ሜትር ራዲየስ የሚዞሩ አንድ ጎታች እንውሰድ። የጎታቹ የፊትና የኋላ ጎማዎች ርቀት 4 ሜትር፣ ከፊል ተሳቢው ከሚያያዝበት ፒን እስከ ኋለኛ ጎማዎቹ ያለው ርቀት 8 ሜትር ቢሆን፣ በረጅም እጥፋት ላይ የተሳቢው ጎማዎች 3 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይቆርጣሉ። የመኪናው ስፋት 2 ሜትር ተኩል ሲጨመርበት አንድ ተሽከርካሪ 5 ሜትር ተኩል መንገድ ያዘ ማለት ነው። በሁለት መስመር የተራራ መንገድ ላይ ይህ የራሱን መስመር ብቻ ሳይሆን ከፊት የሚመጣውን አውቶቡስ መስመር ጭምር መውሰድ ነው። ያ 8 ሜትር 10 ቢሆንስ? ቆረጣው ከ4 ሜትር ተኩል ያልፋል። ርዝመት ጥቂት ሲጨምር አደጋው በእጅጉ ይጨምራል።

በመሆኑም ዕቅድ አውጪው «መኪናው በጠቅላላው ስንት ሜትር ነው?» ብሎ ብቻ ቢጠይቅ ግማሽ ሥራ መሥራቱ ነው። ሁለት መጋጠሚያ ያለው መኪናና ተሳቢ በጠቅላላ ርዝመቱ ቢበልጥም፣ ከአንድ ረጅም ከፊል ተሳቢ ያነሰ ሊቆርጥ ይችላል። በሌላ በኩል እጥፋት ላይ ከተያዘ ወደ ኋላ መመለሱ እጅግ አስቸጋሪ ነው። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ሕግ ከተሳቢው ጠቅላላ ርዝመት ሌላ፣ ከማያያዣው ፒን እስከ ኋለኛው አክስል ያለውን ርቀት ለይቶ በ12 ሜትር ገደማ የሚወስነው ይህንኑ ተረድቶ ነው። በኮሎራዶ የኢንዲፔንደንስ መተላለፊያ ከ10 ሜትር ከ70 ገደማ የሚረዝም ተሽከርካሪ ማለፍ ክልክል ነው። በቴነሲ በኩል ያለው ባለ ብዙ ጠመዝማዛው 129 ቁጥር መንገድም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ9 ሜትር ጥቂት ለሚበልጡ መኪናዎች ተዘግቷል። በሀብት የበለጸገች አገር እንኳ ተራራውን በገንዘብ አላሸነፈችውም፤ ለክታ ገደብ አበጀችለት እንጂ።

«እነዚያ አማራጭ መንገድ አላቸው፤ እኛ ረጅሙን መኪና ብንከለክል ዕቃው በምን ይደርሳል? ዋጋስ አይንርም?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ ግልጽ ነው። ተቃውሞው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ረጅሙን ጭነት ከተራራው ግርጌ አራግፎ በአጫጭር መኪኖች ማሸጋገር ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። ነገር ግን ሒሳቡ በሙሉ መሠራት አለበት። አንድ ተሳቢ እጥፋት ላይ ተጋድሞ መንገድ ሲዘጋ ከኋላው የሚሰለፈው መኪና ሁሉ የሚያቃጥለው ነዳጅ፣ የሚበሰብሰው ቲማቲም፣ ሐኪም ቤት ሳትደርስ በአምቡላንስ ውስጥ የምትቀረው ወላድ በማን ሒሳብ ይመዘገባሉ? የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ከገደል የወደቀ ግን ተመልሶ አይለቀምም።

ቁም ነገሩ ሁሉን በጅምላ መከልከል ሳይሆን አስቀድሞ ማወቅ ነው። የጉዞ ዕቅድ ማለት የመነሻና የመድረሻ ከተማ ስም በወረቀት ላይ ማስፈር አይደለም። ጭነቱ ከመታሰሩ በፊት የመኪናው ርዝመት፣ የጎማዎቹ ርቀትና ከኋላ ተርፎ የሚወጣው ጭነት መለካት አለበት። በመስመሩ ላይ ያለው እጅግ ጠባብ እጥፋት የት እንደሆነ፣ በክረምት ናዳና ጉም የሚበዛበት ስፍራ የቱ እንደሆነ መታወቅ ይኖርበታል። ያልተለመደ ርዝመት ያለው ጭነት በሎቤድ ሲሄድ መንገዱ በቀላል መኪና አስቀድሞ ሊታይ፣ በአጃቢም ሊታለፍ ይገባል። የክልከላ ምልክትም መተከል ያለበት ከእጥፋቱ ላይ ሳይሆን፣ መኪናው ዞሮ ሊመለስ ከሚችልበት የመጨረሻ ሜዳ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ የተተከለ ምልክት ማስጠንቀቂያ መሆኑ ቀርቶ የመቃብር ድንጋይ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ሊሰመርበት የሚገባው የኃላፊነት ጥያቄ ነው። አደጋ በደረሰ ቁጥር «የሾፌሩ ጥፋት» ብሎ መዝገብ መዝጋት ቀላል ነው። ሾፌሩ ጥፋት አይሠራም አንልም፤ የሚሰክር፣ የሚጣደፍ፣ በከባድ ማርሽ መውረድ ሲገባው ዜሮ ማርሽ የሚለቅ አለና በሕግ ይጠየቅ። ግን ለዚያ እጥፋት የማይሆነውን መኪና መርጦ የላከው፣ «ነገ ካልደረስክ ሥራ የለህም» ያለውስ? የጭነት ማዘዣውን የፈረመ እጅ ከመሪው ላይ ካለው እጅ እኩል ሊጠየቅ ይገባዋል። ሾፌሩም «ይህ መኪና በዚያ መንገድ አያልፍም» ሲል እንጀራውን ሳያጣ የሚደመጥበት ሥርዓት ሊኖር ግድ ነው። መንገዱን በእርግጥ የሚያውቀው እርሱ ነውና።

የመንገድ ዳር ቀበሌ ማኅበራትም ዳር ቆመው የሚመለከቱ መሆን የለባቸውም። የትኛው እጥፋት ስንት ጊዜ መኪና እንደጣለ፣ የትኛው ግንብ እንደፈረሰ፣ ጉሙ በስንት ሰዓት እንደሚወርድ ከነዋሪው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ይህ ዕውቀት በቡና ወሬ ከሚቀር ተመዝግቦ ለመንገድ ባለሥልጣንና ለትራፊክ ፖሊስ ይድረስ፤ መልስም ይጠየቅበት። የከተማው ሠራተኛም በየማኅበሩ ስብሰባ የዕቃ ዋጋ ሲነሳ የመንገዱን ጉዳይ አብሮ ያንሳ።

የዕድር ድንኳን የሚተከለው በጭነት ማዘዣ ቢሮ ደጃፍ ሳይሆን በሾፌሩና በረዳቱ ሰፈር፣ በእኛው መካከል ነው። ስለዚህ ሜትር የሚዘረጋው ከሬሳ ሣጥን በፊት፣ መኪናው ከግቢ ሳይወጣ ይሁን።