በሩን መጠበቅ ብቻውን አይበቃም

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ያለን ሰዎች ቡና ሁለት ጊዜ እንደሚለቀም እናውቃለን። መጀመሪያ ከዛፉ ላይ ቀዩ ተመርጦ ይለቀማል። ለቃሚው የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ግን ያልበሰለውና የተበላሸው አብሮ ይገባል። ስለዚህ በማድረቂያው አልጋ ላይ እንደገና ይለቀማል።

ፈጣሪ ይህንኑ ጥበብ በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ አኑሮታል። ሲሊያ የሚባሉ፣ ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ ነገሮች አሉ። በመተንፈሻ ቧንቧችን ያሉት አቧራና ጭስ የያዘውን አክታ ወደ ላይ ይገፋሉ። በዓይናችን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው የሕዋስ ክፍልም የተለወጠ ሲሊያ ነው። ሲሊያ የራሱን ፕሮቲን አይሠራም፤ ሁሉም ከሕዋሱ ይመጣለታል። ሥሩ ላይ በር አለ፤ የመጣው ሁሉ አያልፍም። ያለፈውን እስከ ጫፍ የሚያደርሱና ከጫፍ የሚመልሱ ተሸካሚዎችም አሉ። ይህን ምልልስ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1993 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረጉ።

እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። በሩ እያለም መግባት የሌለበት ሾልኮ ይገባል። ያንን ለማስወጣት የሚያግዝ፣ ቢቢሶም የተባለ የ8 ፕሮቲኖች ስብስብ አለ። ባርዴት ቢድል በሚባለው በዘር በሚወረስ ሕመም ይህ ሥራ ሲጓደል፣ ቦታቸው ያልሆኑ ፕሮቲኖች በዓይን ውስጥ ይከማቻሉ፤ የዓይን ብርሃንም ቀስ በቀስ ይጠፋል። ይህ የታማሚው ወይም የወላጆቹ ኃጢአት ውጤት አይደለም፤ ጌታ በዮሐንስ 9 ስለ ዕውሩ ሰው የመለሰውን እናስታውስ። ለእኛ ግን ትምህርት አለው።

ወገኖቼ፣ አብያተ ክርስቲያናችን በር ላይ ብርቱ ናቸው። ከጥምቀት በፊት እናስተምራለን፤ ከሌላ አጥቢያ ለሚመጣ የመሸኛ ደብዳቤ እንጠይቃለን። መልካም ነው። ከገባን በኋላስ? ነህምያ የኢየሩሳሌምን በሮች አቁሞ ጠባቂ ሾሞ ነበር። ሄዶ ሲመለስ ግን ለጦብያ በቤተ መቅደሱ ጓዳ ተዘጋጅቶለት አገኘ፤ ያዘጋጀለትም ካህኑ ራሱ ነበር። ነህምያ ዕቃውን ሁሉ አውጥቶ ጣለ፤ ጓዳውንም አስነጻ (ነህ. 13፥4-9)።

እኔም ከአንድ የአገልግሎት ባልደረባዬ ጋር ተቀያይሜ ሁለት ዓመት የጌታን እራት አካፍያለሁ። ስብከቴ አልተቋረጠም፤ ማንም አላወቀብኝም። ቃሉን ለሌላው አነብ ነበር እንጂ ለራሴ አይታየኝም ነበር። ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ስጠይቀው፣ አስቀድሞ ያለቀሰው እርሱ ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ ከጌታ እራት በፊት ያለውን ሳምንት ለዕርቅ እንስጠው። ከእኛ ከአገልጋዮች ይጀመር። ቡናውን ሁለት ጊዜ የምንለቅም ሰዎች፣ ልባችንን አንድ ጊዜ ለቅመን አንተወው። ጌታ ዓይናችንን ያብራ። አሜን።