የጋሼ ዘፈን ለምን ድምፁ አነሰ?



ባለፈው ዓመት አጎቴ ስድሳ ዓመት ሞላቸው። ለማስተርስ ትምህርት ጀርመን ስመጣ ቤታቸው ያስጠጉኝ እሳቸው ናቸው። «ጋሼ» ነው የምላቸው። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ ዲጄነት ደግሞ የቅዳሜ ማታ ፍቅሬ ነው። ስለዚህ ለልደታቸው የድሮና የአዲስ ዘፈኖችን ቀላቅዬ የሁለት ሰዓት ሚክስ ቀዳሁ።

ግብዣው ደመቀ። ልጆቻቸው ከጓደኞቻቸው ጋር በአዲስ ዘፈን ሲጨፍሩ ቆዩ። ከዚያ ጋሼ የሚወዱት የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ገባ። ጋሼ ፈገግ ብለው ተነሡ። ድምፁ ግን በድንገት አነሰ፤ በወሬና በሳቅ መሐል ጠፋ። አንዱ ልጅ ሮጦ ቮሊዩሙን ከፍ አደረገው። ቀጥሎ አዲስ ዘፈን ሲገባ ቤቱ ተናወጠ፤ ሕፃናት ጆሯቸውን ያዙ። ሁሉም ሳቀ። ጋሼ ግን «አይ፣ የእኛ ዘፈን አርጅቷል መሰለኝ» ብለው ተቀመጡ።

ይህ ንግግር ልቤን ነካው። ዘፈኑ አላረጀም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ያ ዘፈን በሸክላ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። «ሸክላ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። እንደ ጀበና ያለ ከጭቃ የተሠራ ዕቃ ሸክላ ይባላል፤ የድሮው የሙዚቃ ዲስክም ሸክላ ይባላል። በዚያ ዘመን ባንዱ አብሮ ይጫወት ነበር። ድምፁ አንዴ ለስለስ፣ አንዴ ጠንከር ይላል። በተለይ ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን ብዙ አዘጋጆች ድምፁን ጨምቀው ዘፈኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲጮህ ማድረግ ጀመሩ። ምክንያቱም ጆሯችን ይታለላል፦ ትንሽ ከፍ ብሎ የተሰማ ዘፈን የተሻለ ይመስለናል።

እናንተም ለቤተሰብ ሚክስ ስትሠሩ እነዚህን ሞክሩ።

አንደኛ፣ ጥሩ ቅጂ ፈልጉ። ከካሴት ተቀድቶ በስልክ ከሰው ወደ ሰው የዞረ ፋይል ብዙ ነገር ጎድሎታል። ድምፁን ስትጨምሩ እንደ ዝናብ «ሽሽሽ» የሚለውም አብሮ ይጨምራል።

ሁለተኛ፣ የድሮውን ከፍ ከማድረግ ይልቅ አዲሱን ዝቅ አድርጉ። ዲጂታል ድምፅ ጣሪያ አለው፤ ጣሪያውም ዜሮ ዴሲቤል ነው። በድሮው ዘፈን ውስጥ ከበሮው አንዳንዴ ጣሪያው አጠገብ ይደርሳል። ከዚያ በላይ ብትጨምሩ ጫፉ ይቆረጥና ድምፁ ይሻክራል። አዲሱን መቀነስ ግን ምንም አይጎዳውም።

ሦስተኛ፣ ለኩ። የዘፈንን አማካይ ጩኸት የምንለካበት መለኪያ ኤልዩኤፍኤስ ይባላል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ዘፈኑ ይበልጥ ይጮሃል። በእኔ ፋይሎች አዲሱ ዘፈን -8፣ የማሕሙድ ደግሞ -16 ነበር። ስለዚህ አዲሱን በ8 ዴሲቤል ዝቅ አደረግሁት። ብዙ የዲጄ ሶፍትዌሮች ይህን በራሳቸው የሚያደርግ «አውቶ ጌን» አላቸው።

አራተኛ፣ ባሱን አትርሱ። የአዲስ ዘፈን ባስ ብዙ ጊዜ ከባድ ነው። ወደ ድሮው ስትሻገሩ የአዲሱን ባስ ቀስ በቀስ ቀንሱ፤ ጆሮ እየለመደው ይሄዳል።

አምስተኛ፣ ስትቀዱ ቀዩ መብራት አይብራ። ከፍተኛው ድምፅ -6 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን። ሚክሱ ካለቀ በኋላ ሙሉውን በአንድ ላይ ከፍ ማድረግ ትችላላችሁ።

በመጨረሻ ግን ዳኛው ጆሮ ነው። ሚክሱን ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ስሙት። አንዱ ዘፈን እየተሰማ ሌላው ከጠፋ፣ እዚያ ጋ አርሙ።

ለገና በዓል ሚክሱን እንደገና ሠራሁት። ያን ቀን ቮሊዩሙን የነካ ሰው አልነበረም። «ኧረ መላ መላ» ሲገባ የጋሼ የመጨረሻ ልጅ «አባዬ፣ ይሄ ዘፋኝ ማነው?» ብላ ጠየቀች። ጋሼ መልስ አልሰጧትም። እጇን ይዘው ተነሡ።

በዚህ ሳምንት እናታችሁን ወይም አባታችሁን አንድ የሚወዱት ዘፈን ጠይቁ። ከእናንተ ዘፈኖች መሐል አስገቡት፤ እኩል ይሰማ።

ቸር ሰንብቱ!