ድንኳን እንዴት ይክረም?

የግንቦት ወር ወደ ማለቂያው ሲቃረብ የደብረ ታቦርና የአካባቢዋ ቤተሰብ የሚያስበው ስለ እርሻውና ስለ ጣሪያው ነው፤ ስለ ድንኳኑ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። የጥርና ከፋሲካ በኋላ ያለው የሠርግ ወራት አልፎአል፤ ድንኳኑም ተጠቅልሎ በጓዳ ጥግ ወይም በዕድሩ ዕቃ ቤት ተጥሎአል። መስከረም ጠብቶ ሲከፍቱት ጥቁር ነጠብጣብ ለብሶ፣ ሳብ ሲያደርጉት እየተተረተረ ይገኛል። በዚህ ወር የምንነጋገረው ስለዚሁ ነው።

አገራችን ከድንኳን ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። ነገሥታቱ በጋውን ከሰፈር ወደ ሰፈር ሲዘዋወሩ ያሳልፉና ዝናብ ሲገባ በአንድ ቦታ ይቀመጡ ነበር፤ ዜና መዋዕሎቻቸውም ንጉሡ ክረምቱን የት እንደ ከረመ ለይተው ይጽፋሉ። «ከረመ» የሚለው ቃላችንም ከ«ክረምት» ጋር ሥሩ አንድ ነው። በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን መድፍ እንኳ ወደ መቅደላ ጉዞውን የጀመረው በ1860 ዓ.ም. ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ መቅደላም የደረሰው በመጋቢት ነው። የመንገድ ዕቃ ሁሉ እንዲህ ክረምትን መጠበቅ ግዴታው ነው። ጥያቄው እንዴት ሆኖ ይጠብቃል የሚለው ነው።

ብዙ ሰው ድንኳንን የሚያበሰብሰው ከውጭ የሚወርደው ዝናብ ይመስለዋል። ስለዚህም ሸራውን እጥፍጥፍ አድርጎ በላስቲክ ይጠቀልልና አጥብቆ ያስራል። ነገር ግን ድንኳን ለዝናብ የተሠራ ነው፤ የሚገድለው በእጥፋቱ ውስጥ ታፍኖ የቀረው እርጥበት ነው። ሻጋታ የሚፈልገው እርጥበት፣ ጥቂት እድፍና የቆመ አየር ነው፤ ላስቲኩ ሦስቱንም ጠብቆ ያኖርለታል። የደጋው ብርድም ሻጋታን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። በውጭ አገር በመኪና የሚጎተት ቤት፣ ካራቫን የሚሉት፣ ያላቸው ሰዎችም እርጥበት በበዛበት አገር ሲያስቀምጡት አየር ማስገቢያውን አይደፍኑም፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

እንግዲህ ዝናቡ ሳይጠና፣ ፀሐይና ነፋስ ያለበትን አንድ ቀን መርጦ ድንኳኑን መዘርጋት ይገባል። ጭቃው ከደረቀ በኋላ በለስላሳ ቡሩሽ ይራገፍ፤ እድፍ ካለበት በንጹሕ ውሃ ብቻ ይታጠብ። ሳሙና ውሃ እንዳያሳልፍ የተቀባውን ነገር ስለሚያነሣ አንመክረውም። የወጥ ቅባትና የጧፍ ሰም ግን ሳይነሣ አይቅር፤ አይጥን የሚጠራ እርሱ ነውና። ሸራው መሐሉ ደርቆ ሳለ ስፌቱና ማዕዘኑ እርጥብ ሆኖ ይቈያል። ይህንንም ለማወቅ ስፌቱን በጉንጭ ወይም በእጅ ጀርባ መንካት ነው፤ ከቀዘቀዘ ገና አልደረቀም።

ካስማው ከሸራው ጋር በአንድ ከረጢት አይግባ። የብረት ዝገት ጨርቁን ያቀልመዋል፤ ውሎ አድሮም ይበሳዋል። ካስማው ተጠርጎ ዘይት ይቀባ፤ የብረቱም ምሰሶ ውስጡ የቀረ ውሃ እንዲወርድ ለጥቂት ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቁም። ሸራውም በየዓመቱ በዚያው መስመር ከታጠፈ በእጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃልና ላላ አድርጎ መጠቅለል ይሻላል። ማኖሪያውም አየር የሚያስገባ ጆንያ ይሁን።

የሚቀመጥበት ስፍራ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በሣር ክዳን ቤት ያደጉ ሰዎች የቆርቆሮን ጠባይ ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ። ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ የቤቱ እርጥበት ከሥሩ ይጠራቀማል፤ ጎሕ ሲቀድም ጣሪያው ሳያፈስ ጠብ ጠብ ይላል። ጣሪያችን ደኅና ነው ብሎ ድንኳኑን በቀጥታ ከሥሩ ማኖር ስለዚህ አይበቃም። ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ተርቆ፣ በላዩም ሳንቃ ተጋርዶለት ይቀመጥ። ጨውና ማዳበሪያ ከአየሩ እርጥበት ይስባሉና ከአጠገቡ ይራቁ፤ እህልም አይጥን ስለሚያመጣ እንዲሁ። በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ለሁለት ሰዓት እንኳ ብራ ሲሆን አውጥቶ መዘርጋት፣ ባይቻል ጥቅሉን ፈትቶ ማገላበጥ ድካሙን የሚክስ ሥራ ነው።

እስከ አሁን የተናገርነው በቤተሰብ እጅ ስላለው ድንኳን ነው። የዕድር ድንኳን ግን ክረምትም ዕረፍት የለውም። በሐምሌ ዶፍ ሐዘን ይደርሳል፤ ድንኳኑ ሦስት ቀን በዝናብ ይቆማል፤ በመጨረሻውም ቀን ሐዘንተኛው ደክሟል፣ ጎረቤቱ ወደ እርሻው ተጣድፏል፣ ሸራው ውሃ እያንጠባጠበ ተጠቅልሎ ወደ ዕቃ ቤት ይገባል። የሁሉ ስለሆነ ማንም አያደርቀውም። ለሚቀጥለው ሐዘንተኛ ሲተከልም በነፋስ መሐል ይቀደድና አልቃሹ ለዝናብ ይጋለጣል። ብዙ ዕድር ለቀረ ሰው መቀጫ አለው፤ ለማድረቂያ ግን ሰው አይመድብም። እኛ ይህን ትክክል አይደለም እንላለን። ሐዘን የደረሰበት ቤት ይህን ሥራ አይጠየቅ፤ ከአባላቱ ሁለት ቤተሰብ በተራ ተመድበው ድንኳኑን ይረከቡ። ፀሐይ ቢጠፋ እንኳ በቤት ታዛ ሥር በገመድ ላይ ዘርግተው እስኪደርቅ ያቆዩት፤ ሦስት ቀን ቢፈጅም ይቈይ እንጂ እርጥቡ አይጠቅለል።

ሻጋታ ከያዘ በኋላ ነጠብጣቡ ፈጽሞ ላይለቅ ይችላል፤ በበረኪና የሚያነጡትም ክሩን ያደክሙታል። ደርቆ በቡሩሽ ይራገፍ፤ የሚያራግፈውም ሰው አፍና አፍንጫውን በነጠላ ይሸፍን። በመስከረም መጀመሪያ፣ መንገደኛው ለግሸን ማርያም ጉዞ ድንኳን ሳይጠይቅ፣ አንድ ቀን ተተክሎ ይዋል፤ አውታሩ ተስቦ፣ ስፌቱ በብርሃን ታይቶ፣ የላላው በሰም በታሸ ክር ይሰፋ።