የቆመ መኪና ሰው አይገጭም?

የአደጋ መግለጫ ሲነበብ መጨረሻውን ገና ሳይጀመር እናውቀዋለን፤ አሽከርካሪዎች ቀስ ብለው ያሽከርክሩ፣ እግረኞች ግራና ቀኝ አይተው ይሻገሩ፣ ኅብረተሰቡም ጥንቃቄ ያድርግ። ምክሩን የሚጠላ የለም። እኔን የሚያስቆጣኝ ከምክሩ ቀደም ብላ ሾልካ የምትገባው ሐረግ ናት። የአደጋው መንስኤ «የእግረኛ ጥንቃቄ ጉድለት» ነው ትላለች። ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው፤ ሆስፒታል ተኝቷል።

ይህችን ሐረግ እስቲ ደብረ ታቦር አምጥተን እንያት። ከወረታ ተነሥቶ በጋይንት በኩል ወልዲያ የሚገባው፣ ሰዉ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለው አውራ ጎዳና በከተማዋ ውስጥ ያልፋል። ከጅቡቲ በሚሌና በወልዲያ አድርጎ ወደ ጣና ዙሪያ ለሚመጣ ጭነት አቋራጩ እሱ ነው። ሲሚንቶው፣ ማዳበሪያው፣ የጉና ሥር ድንች፣ ሁሉም በዚያው ይመላለሳል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ፣ ባለፉት ዓመታት ስንት ጊዜ እንደተዘጋ ለዚህ ዓምድ አንባቢ መንገር አያስፈልግም፣ መኪና ሁሉ ካለበት ይቆማል። ተሳቢው ከሱቅ ደጃፍ፣ ሲኖትራኩ ከትምህርት ቤት አጥር ሥር፣ አይሱዙው የቀኝ ጎማዎቹን እግረኛ መንገድ ላይ ሰቅሎ።

እንበልና አንዲት ተማሪ ከቤት ወጣች። የመንገዱ ዳር በመኪና ተይዟል። ዳር ዳሩን እንዳትሄድ ቦዩ ክፍት ነው፤ ክረምት ከሆነ ጭቃውም አያሳልፍም። ስለዚህ አስፋልቱ ላይ ወጥታ ትሄዳለች። ልትሻገር ስትል በሁለት ተሳቢዎች መሐል ብቅ ትላለች። ቁመቷ ከጎማው እምብዛም አይበልጥም፤ ባጃጁ አያያትም፣ እሷም ባጃጁን አታይም። ትራፊክ ይመጣል፣ ሜትር ይዘረጋል፣ ፕላን ያነሣል። ፕላኑ ላይ ባጃጁ አለ፣ የፍሬኑ ምልክት አለ፣ ልጅቷ የወደቀችበት ቦታ አለ። ተሳቢዎቹ ግን ወይ ሜትሩ ሳይዘረጋ ሞተር አስነሥተው ሄደዋል፣ ወይ የአካባቢው ገጽታ ተደርገው ታልፈዋል። «ድንገት ወደ መንገድ በመግባቷ» ተብሎ ይጻፋል። ግራና ቀኝ አላየችም እንዳይባል አይታለች፤ በግራም ተሳቢ ነበር፣ በቀኝም ተሳቢ ነበር።

ሐረጓ ምክር ብቻ ብትሆን ባልነካኋት። ችግሩ ፍርድ ቤት ስትደርስ ሌላ ሥራ አላት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 ባለመኪናውን መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ መሪውን የያዘው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። አንቀጽ 2086 ደግሞ ማምለጫዎቹን አንድ በአንድ ይዘጋል። አላጠፋሁም ማለት አያድንም። የጉዳቱ ምክንያት አልታወቀም ማለት አያድንም። ልከላከለው አልችልም ነበር፣ ያጠፋው ሌላ ሰው ነው ማለትም እንደዚያው። ክፍት የቀረው አንድ በር ብቻ ነው፤ የተጎጂው የራሱ ጥፋት። «የእግረኛ ጥንቃቄ ጉድለት» የሚለው መግለጫ የሚያቀብለው የዚያን በር ቁልፍ ነው። ባለንብረቱ ጠበቃ ቀጥሮ በብዙ ድካም ሊያስረዳ የሚገባውን ነገር የመንግሥት አካል ምርመራው ሳያልቅ በነፃ ይናገርለታል። ያውም ለደኅንነት በማሰብ!

ቆይ፣ ተሳቢው ማንንም አልገጨም፣ ቆሞ ነበር የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ነገር ግን አንቀጽ 2035 በግልጽ የተደነገገ ሕግን ወይም ደንብን የጣሰ ሰው ጥፋት እንደሠራ ይቆጥረዋል፤ እግረኛ መንገድ ላይ መኪና ማቆም ክልክል መሆኑን ደግሞ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሁሉ ተፈትኖበታል። ከተደረደሩት መኪናዎች የትኛው እንደጋረዳት ካልታወቀስ? ለዚህም አንቀጽ 2142 አለ። ጉዳቱን ያደረሰው ከተወሰኑ ሰዎች አንዱ መሆኑ ተረጋግጦ የትኛው እንደሆነ መለየት ካልተቻለ፣ ፍርድ ቤቱ ርትዕ ሲያስገድደው ሁሉንም በአንድነት ሊያስከፍላቸው ይችላል። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች የተሳቢ ሰልፍ ታይቷቸው እንዳልነበር እገምታለሁ፤ አንቀጹ ግን ለሰልፉ ልክ የተሰፋ ይመስላል። ምን ዋጋ አለው፣ ታርጋው ያልተመዘገበ መኪና ችሎት አይቀርብም።

ኢንሹራንስ አለ ለሚሉም፣ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለሞተ ወይም አካሉ ለጎደለ አንድ ሰው ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር፣ ለንብረት ደግሞ 100,000 ብር ነበር። ወደ ሌላ ጉዳይ ልለፍ።

መኪናውን እዚያ ያስቆመውስ ማን ነው? በየከተማችን የተለመደውን ቅብብል እናውቀዋለን፤ ከተማው አውራ ጎዳናው የፌዴራል ነው ይላል፣ ፌዴራሉ የከተማ ውስጥ ሥርዓት የከተማው ነው ይላል። በመሐል ለከባዱ መኪና ቦታ የሚያዘጋጅ ይጠፋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ግዙፍ መድፋቸውን ከዚሁ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ መንገዱን እያስጠረጉ ነበር የሄዱት፤ ጉዞው ወራት የፈጀውም አንድም በዚህ ነው። ከተማዋን አቃጥለው ስለወጡ አርአያ አላደርጋቸውም። ቢሆንም ከባድ ጭነት አስቀድሞ ቦታ እንደሚፈልግ ገብቷቸው ነበር። የስዊድን ፓርላማ መንገድን አስቀድሞ የማዘጋጀትን ነገር እ.ኤ.አ. በ1997 በፖሊሲ አጸደቀው፤ ሰው ይሳሳታል፣ ስሕተቱ ሞት እንዳያስከትል ማድረግ ግን መጀመሪያ የመንገዱን ሥርዓት የሚነድፉት ሰዎች ግዴታ ነው ተባለ።

የእኛም ሕግ ባዶ አይደለም። በአንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ላጠፋው ጥፋት ተጎጂው መንግሥትን ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። ለከባድ መኪና ማቆሚያ አለማዘጋጀት፣ ለዓመታት እያዩ ዝም ማለት እንዲህ ያለ «ጥፋት» ነው ወይ? ነው ባይ ነኝ። ከተማው ተረትቶ ካሳ ከፈለ እንበል፤ በማግስቱ የሚያደርገው ግን አይጠፋኝም። ተሳቢዎቹን ከከተማ ውጪ እደሩ ብሎ ያባርራቸዋል። በዚህ ዘመን፣ በእነዚህ መንገዶች፣ ሹፌርና ረዳት ሜዳ ላይ ማደር ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሰፈር መሐል የሚቆሙት ሰው ያለበትን ፈልገው ነው፤ ሻይ ቤቷም አልጋ ቤቱም ጫኝና አውራጁም በእነሱ ያድራል። የ2142 ርትዕ በእነዚህ ሰዎች ላይ ይፍረድ ለማለት አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም። የተማሪዋ እናት ታዲያ ማንን ልክሰስ ብትለኝ ግን ባለባጃጁን ብቻ ብዬ ልመልስላት አልችልም፤ ሌላውን መልስ የሚሰማ ችሎት ስለመኖሩ ደግሞ እጠራጠራለሁ።