ቁስሉ ቢያንስ ጥንቃቄው አይነስ

ባለፈው ዓመት አንዲት የሥራ ባልደረባችን በምሳ ሰዓት አንድ ጥያቄ ይዛ መጣች። ጥያቄው የእናቷ ነበር። እኒህ እናት ዕድሜያቸው ስድሳ አምስት ነው። ብሽሽታቸውን ይወጋቸው ከጀመረ ሦስት ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ «ብርድ ነው» እያሉ ቅባት ይቀቡ ነበር። በኋላም ቡና ሲፈላ በርጩማው ላይ መቀመጡን ተዉት። ልጃቸው ግን የነገሩን ክብደት የተረዳችው፣ አንድ ጧት እናቷ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማጥለቅ አቅቷቸው ሲያለቅሱ ስታገኛቸው ነው።

ሐኪሙ ራጁን ተመልክቶ መገጣጠሚያው ስላለቀ በሰው ሠራሽ መለወጥ እንደሚያስፈልገው ነገራቸው። ይህን የሰማ ውጭ አገር ያለ ወንድ ልጃቸው ደግሞ «ጥቂት ብቻ ተቀዶ የሚሠራ አለ፤ በማግሥቱ ያስኬዳል፤ ጠባሳውም እምብዛም አይታይም» ሲል በስልክ አወራቸው። እናትየዋም ቆረጡ። «ትንሽ ከሆነ እሺ፤ ትልቅ ከሆነ ግን ሕመሜን ይዤ እኖራለሁ» አሉ። ባልደረባችን ምን ብላ ትመልስላቸው? ለዛሬ ይህንኑ እንመልከት።

የጭን አጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ነው። በዳሌ አጥንት ላይ ባለው ስኒ መሰል ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ይሽከረከራል። ሁለቱም አጥንቶች ለስላሳ ሽፋን አላቸው። ይህ ሽፋን በዕድሜ፣ በቁርጥማት፣ በቆየ ስብራት ወይም ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄደው ደም በመቋረጡ ምክንያት ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በብሽሽት በኩል ይሰማል፤ አንዳንዴም ጉልበት ድረስ ስለሚወርድ ሰው ጉልበቱን ያመመው ይመስለዋል።

ዛሬ የሚሠራበትን የዳሌ መገጣጠሚያ መለወጫ ዘዴ መሠረት የጣሉት እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ ናቸው። አስቀድመው ቴፍሎን በተባለው ነገር ሞክረው ነበር። እርሱ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየተፋቀ ስላለቀ በሽተኞቹ እንደገና መቀደድ ግድ ሆነባቸው። ሐኪሙ ከስሕተታቸው ተምረው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ራይቲንግተን በተባለው ሆስፒታል፣ ከብረት የተሠራ ራስና ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ስኒ በሲሚንቶ መሰል ማጣበቂያ አያይዘው መትከል ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በዚህ ሕክምና ከሕመም አርፈዋል። በ2019 የወጣ ሰፊ ጥናት እንዳመለከተው ከመቶ ሰው ሠራሽ ዳሌዎች 58 ያህሉ ለ25 ዓመት ያገለግላሉ።

በተለመደው አሠራር ቆዳው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይቀደዳል፤ አንድ ስንዝር ወይም ከዚያ በላይ ማለት ነው። በአዲሱ ዘዴ ግን ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። አንዳንዱ ሐኪም በተለመደው በኩል ገብቶ ቀዳዳውን ያሳጥራል። ሌላው ደግሞ በፊት በኩል፣ ጡንቻውን ሳይቆርጥ በጡንቻዎች መካከል ሾልኮ ይገባል። ከውስጥ የሚተከለው ግን በሁሉም ያው ነው።

ጥቅሙ ምንድን ነው? ጠባሳው ያጥራል። የሚፈሰው ደም ሊቀንስ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመሙ ቀለል ብሎ ምርኩዝ ቶሎ የሚጣልበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ ወራት ሲያልፉ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እየጠበበ ይሄዳል፤ ከዓመት በኋላ አረማመዳቸውን አይቶ ማን በየትኛው እንደታከመ መለየት ያስቸግራል። በማግሥቱ ቆሞ መራመድም የአዲሱ ዘዴ ብቻ አይደለም። በተለመደው የተቀደዱትም ሕመማቸው በመድኃኒት ከታገሠና የሚደግፋቸው ባለሙያ ካለ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ይነሣሉ።

ጉዳትም አለው። በጠባብ ቀዳዳ የሚሠራ ሐኪም የሚያየው ጥቂት ነው። ካልተለማመደበት ስኒውን አጣሞ ሊተክል፣ አጥንትም ሊሰነጥቅ ይችላል። በፊት በኩል ሲገባ የጭን ቆዳ የሚደነዝዝባቸውም አሉ። በጣም ለወፈሩ ወይም አጥንታቸው ለተበላሸ ሰዎች ብዙ ጊዜ አይመረጥም። ስለዚህ ሐኪሙን «ቀዳዳው ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት «እርስዎ ብዙ ጊዜ የሠሩት በየትኛው ዘዴ ነው?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ከሆስፒታል በኋላ ያለው ሥራ የቤተ ሰብ ነው። ዱካና በርጩማ ለጊዜው ይቅር፤ ከፍ ያለ ወንበር ይዘጋጅ። መጸዳጃውም ቁጢጥ የሚያስብል ከሆነ ከፍ ያለ መቀመጫ ይሠራለት። የሚያንሸራትት ምንጣፍ ይነሣ። እግር ማጣመርም ሆነ ወድቆ መስገድ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ። የታዘዘው የእግር ልምምድ በየቀኑ ይሠራ። ባት ካበጠና ካመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ቁስሉ ከቀላ ወይም መግል ከያዘ፣ ትኩሳትም ከመጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። አረጋውያን ወድቀው መቆም ካቃታቸውም ወደ ወጌሻ ወስዶ ማሳሸት ተገቢ አይደለም፤ የዳሌ ስብራት በራጅ መታየት አለበት።

ባልደረባችን ይህን ሁሉ ለእናቷ ካስረዳች በኋላ አብረው ወደ ሐኪሙ ተመለሱ። እርሱም «እማማ፣ እኔ እጄ የለመደው በተለመደው መንገድ ነው፤ በለመድኩት ብሠራልዎ ይሻላል» አላቸው። እናትየዋ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እውነቱን ስለነገርከኝ እሺ፤ ጠባሳው እንደሆነ ከቀሚስ ሥር ነው፤ ማን ያየዋል!» አሉት።

ቀዶ ሕክምናው ከተደረገላቸው በሦስተኛው ወር እቤታቸው ሄደን ነበር። የከሰሉ ምድጃ ጠረጴዛ ላይ ወጥቷል፤ እርሳቸውም ከፍ ካለው ወንበር ላይ ሆነው ቡናውን ያፈላሉ። ምርኩዙ ከበሩ ኋላ ተደግፎ ነበር። ሲሸኙን እስከ ደጅ ያለ ምርኩዝ መጡ፤ ጫማቸውንም በረጅም ማንኪያ ራሳቸው አጥልቀውት ነበር።

ያመማት እናት በአጠገባችሁ ካለች «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፏት። አስመርምሯት፤ ስትጠይቅም አብራችሁ ጠይቁላት።